የምስክር ወረቀትና ምስክርነት፤ የሳይንስ መምህራን ዐውደ ጥናት ከወገዳ ሲታይ

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ የሳይንስ ትምህርት ጥራት በተነሣ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው መፍትሔ የመምህራን ሥልጠና ነው። የተማሪዎች ውጤት ሲያሽቆለቁል ዐውደ ጥናት ይጠራል፤ ሥርዓተ ትምህርት ሲለወጥ ዐውደ ጥናት ይጠራል፤ አዲስ መጽሐፍ ሲታተም፣ አዲስ መርሐ ግብር ሲነደፍ፣ አዲስ ረጂ ሲመጣም እንደዚሁ ዐውደ ጥናት ይጠራል። ይሁን እንጂ ዐውደ ጥናቱ ራሱ ተጠርቶ ስለ ሥራው የሚጠየቅበት ጊዜ እምብዛም አይታይም። ስንት ሰው ተሳተፈ፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ስንት ገንዘብ ወጣ የሚለው በየዘገባው ይሰፍራል። ከሥልጠናው በኋላ በክፍል ውስጥ ምን ተለወጠ የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል።

ይህ ሂስ ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ሳይሆን ከወገዳ ተነሥቶ ለመመልከት የታሰበ ነው። ወገዳ በደቡብ ጎንደር ዞን የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳዋ በሰሜን ከላይ ጋይንት፣ በምሥራቅ ከታች ጋይንት፣ በምዕራብ ከእስቴ ጋር ትዋሰናለች፤ በደቡብ በኩል ደግሞ የበሽሎና የዓባይ ሸለቆዎች ከደቡብ ወሎና ከምሥራቅ ጎጃም ይለዩአታል። አካባቢው ከጉና ተራራ ውርጭ አንሥቶ እስከ በሽሎ ቆላ ድረስ በጥቂት ቀን የእግር መንገድ ብዙ ዓይነት የአየር ጠባይ የሚታይበት ነው። የአፈር መሸርሸርና የዝናብ መዛባት ደጋግመው ስለጎዱት፣ ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ታቅፈዋል።

ወገዳ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከማእከል የሚነሣ ማንኛውም ሥልጠና በክልል፣ በዞንና በወረዳ አልፎ የሚደርስባቸውን የመጨረሻ ደረጃዎች ከሚወክሉት ቦታዎች አንዷ ናት። የአንድ ቦይ ጥራት የሚታወቀው ውኃው በሚጠለፍበት ቦታ ሳይሆን በመጨረሻው ማሳ ላይ ነው። የዐውደ ጥናትም ዋጋ መመዘን ያለበት በመክፈቻው ንግግር ሳይሆን፣ በመጨረሻው ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጦ የሚማረው ልጅ በሚያገኘው ነገር ነው።

2. ዐውደ ጥናቱ የመጣበት መንገድ

የመምህራን የሥራ ላይ ሥልጠና በአገሪቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በባሕር ዳር የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ የትምህርትን ሥራ ከገጠሩ ኑሮ ጋር ለማስተሳሰር ታስቦ የተመሠረተ ነበር። በ1970ዎቹም በየአውራጃው የፔዳጎጂ ማእከላት ተቋቁመው፣ መምህራን ከእንጨት፣ ከሸክላ፣ ከቆርቆሮና ከመሳሰሉት የአካባቢ ቁሳቁሶች የትምህርት መርጃ መሣሪያ እንዲሠሩ ተደርጓል። የዚያ አሠራር መነሻ ሐሳብ ትክክለኛ ነበር፤ መምህሩ መሣሪያ ከሩቅ እስኪመጣለት እጁን አጣምሮ እንዳይጠብቅ፣ ማእከሉም ከመምህሩ በጣም እንዳይርቅ ያደርግ ነበርና።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪውን የትምህርቱ ማእከል ለማድረግ አወጀ። ብዙም ሳይቆይ ግን በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ስርጭቱ ይወስደው ስለነበር፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህሩ ትምህርቱን አስተዋውቆ ዝም የሚልና በመጨረሻ ጥቂት ቃል የሚጨምር ሰው ሆነ። ተማሪው የሌላ ሰው እጅ ሙከራ ሲሠራ በመስተዋት ውስጥ አየ እንጂ የራሱ እጅ ምንም አልነካም። ተማሪን ማእከል ለማድረግ የወጣ ፖሊሲ መምህሩንም ተማሪውንም ተመልካች በሚያደርግ መሣሪያ ሲተረጎም፣ በሐሳብና በአፈጻጸም መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል በግልጽ ታየ።

በጥቅምት 2002 ዓ.ም. የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማእቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው መሻሻል እንዲያውል ደነገገ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ጋር በመተባበር የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሒሳብና የሳይንስ መምህራንን የሚመለከት ፕሮጀክት ተጀመረ። የዚህ ፕሮጀክት ሥር ወደ ኬንያ ይደርሳል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ሥልጠና አራት ነገሮችን አስተባብሮ የያዘ ነበር፤ እነርሱም ተግባር፣ ተማሪን ማእከል ማድረግ፣ ሙከራ፣ እንዲሁም በእጅ ባለ ቁሳቁስ ብልሃት መፍጠር ናቸው። አካሄዱም ማቀድ፣ መሥራት፣ ማየትና ማሻሻል በሚሉ አራት ቃላት ይጠቃለላል።

በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተለያይተው መሰጠታቸው ቀርቶ አጠቃላይ ሳይንስ በሚል አንድ ትምህርት ተጠቃለሉ። ይህ ለውጥ በወረቀት ላይ የስም ለውጥ ይመስላል፤ በክፍል ውስጥ ግን ዕጽዋትን ሲያስተምር የኖረ መምህር ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት፣ ስለ ኃይልና ስለ ግፊት ተማሪ ፊት ቆሞ እንዲያስረዳ ያስገድደዋል። ስለሆነም የዐውደ ጥናት ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል።

3. ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

አንድ ዐውደ ጥናት ለጋይንትና ለስማዳ መምህር ይጠቅም እንደሆነ ለመመርመር ከአንድ ቀላል ጥያቄ መነሣት ይበቃል፤ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? በየትኛውም የትምህርት ቤት ደብተር የሚገኘው መልስ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚል ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ግን በባሕር ጠለል ላይ ባለ የአየር ግፊት ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በግምት በየ300 ሜትሩ የመፍሊያው ነጥብ አንድ አንድ ዲግሪ ዝቅ ይላል። ስለዚህ 3,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው በነፋስ መውጫ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጉና ጫፍ ከዚህም ያንሳል። 1,500 ሜትር ወደሚያህለው ቆላ ሲወረድ ደግሞ 95 ዲግሪ ይደርሳል። እንግዲህ መጽሐፉ የሚናገረው 100 ዲግሪ በዚህ ሁሉ አገር አንድም ቦታ አይገኝም።

በዚህ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ቴርሞሜትር አግኝቶ መምህሩ ሙከራውን ሠራ እንበል። ውኃው ይንተከተካል፤ ቴርሞሜትሩ 90 ያሳያል። መምህሩ ምን ያደርጋል? በዐውደ ጥናቱ የተሰጠው የመጽሐፉ ማጠቃለያና የስላይድ ቅጂ ብቻ ከሆነ፣ ሁለት መንገድ ብቻ ይታየዋል፤ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ መተው፣ ወይም ተማሪዎቹ 100 ብለው እንዲጽፉ ማዘዝ። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ልጁ ነው። ልጁ በዚያች ሰዓት የተማረው ስለ ውኃ አይደለም፤ ዓይኑ ያየውን ሰርዞ የታዘዘውን መጻፍን ነው። የሳይንስ ትምህርት ከዚህ የከፋ ኪሳራ የለውም።

ያው መምህር በዐውደ ጥናቱ ላይ ሙከራውን በገዛ እጁ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ግን ያው 90 ዲግሪ የዓመቱ ትልቅ ትምህርት ይሆንለት ነበር። በክረምት የሚጥለውን በረዶ በጽዋ አጠራቅሞ፣ በሚቀልጠው በረዶ ውስጥ ቴርሞሜትሩን ቢያጠልቅ ዜሮ ማሳየቱን ያረጋግጣል፤ በዚህም መሣሪያው እንዳልተበላሸ ይታወቃል። ቀጥሎም የደጋ ንፍሮ ከቆላው ንፍሮ ይልቅ ለመብሰል ለምን ብዙ እንጨትና ብዙ ጊዜ እንደሚፈልግ ተማሪዎቹ ከእናቶቻቸው ጠይቀው እንዲመጡ ያደርጋል። ግፊት፣ ሙቀትና ከፍታ በአንድ ድስት ውስጥ ይገናኛሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ድስትና የመጽሐፉን ቁጥር በድፍረት የሚጠይቅ አንድ መምህር ነው።

ተመሳሳይ ምሳሌ ከሰማይም ይገኛል። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ በአናቱ ላይ ታልፋለች። በታኅሣሥ ወር በእኩለ ቀን የአንድ ዘንግ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ከሚያዝያ አጋማሽ ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ ግን ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የተጻፉ መጻሕፍት የእኩለ ቀን ጥላ ዘወትር ወደ ሰሜን እንደሚወድቅ አድርገው ያስተምራሉ። በወገዳ የትምህርት ቤት ግቢ አንድ ዘንግ ተክሎ ዓመቱን ሙሉ ጥላውን በጠጠር ምልክት ያደረገ ክፍል፣ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ስለመዞሯና ስለ መዘንበሏ ከብዙ ሥዕል የበለጠ ያውቃል።

4. ሲወርድ የሚቀንሰው ሥልጠና

ከእነዚህ ሙከራዎች አንዳቸውም ለመምህራን እንግዳ የሆኑት ሥልጠና ስላልተሰጠ አይደለም። ችግሩ ሥልጠናው በሚወርድበት መንገድ ላይ ነው። የአሠልጣኞች ሥልጠና በሚባለው አሠራር ጥቂት ባለሙያዎች በማእከል ይሠለጥናሉ፤ እነርሱ የክልሉን፣ የክልሉም የዞኑን፣ የዞኑም የወረዳውን ያሠለጥናሉ። በመጨረሻ ከየትምህርት ቤቱ የተላከው አንድ መምህር ተመልሶ ባልደረቦቹን ያሠለጥናል ተብሎ ይታሰባል። በየደረጃው ቀኑ ያጥራል፤ መሣሪያው ይጎድላል፤ ሙከራው ወደ ንግግር፣ ንግግሩም ወደ ወረቀት ይለወጣል። በላይኛው ደረጃ አሥር ቀን የፈጀው በታችኛው ደረጃ ሁለት ቀን ቢሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀረው ጊዜና ዕቃ የሚጠይቀው የእጅ ሥራ መሆኑ አያስደንቅም። ወገዳ የሚደርሰው እንግዲህ ስለ ሙከራ የተነገረ ነገር እንጂ ሙከራው አይደለም።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ ድክመት አይደለም። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 የመምህራን ሥልጠና ጥናቶችን መርምረው፣ አንድ ሥልጠና ንድፈ ሐሳብን፣ ማሳያን፣ ልምምድን፣ አስተያየትንና በሥራ ቦታ የሚደረግን ድጋፍ አስተባብሮ መያዝ እንዳለበት አሳይተው ነበር። የመጨረሻው፣ ማለትም መምህሩ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ በኋላ አጠገቡ ቆሞ የሚያግዘው ሰው ሲጎድል፣ የተማረው ነገር ወደ ክፍሉ የመሻገር ዕድሉ የመነመነ ነው። በተለመደው ዐውደ ጥናት ንድፈ ሐሳቡ በብዛት ይቀርባል፤ ማሳያው አልፎ አልፎ ይታያል፤ ልምምዱ በቡድን ውይይት ይተካል። ድጋፉ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

በአካባቢ ቁሳቁስ መጠቀም የሚለውም መልካም ሐሳብ ሲወርድ የሚደርስበት ለውጥ አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የፔዳጎጂ ማእከል ክፍል ከሸክላ የተሠራ ልብ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ዓይን፣ ከሽቦ የተጠማዘዘ አቶም በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። እነዚህ ለጎብኚ የሚታዩ ምስሎች እንጂ ተማሪ የሚለካባቸውና የሚጠይቅባቸው መሣሪያዎች አይደሉም። የአካባቢ ቁሳቁስ ትርጉም የቤተ ሙከራን ዕቃ መልክ መኮረጅ አይደለም፤ በአካባቢው ቀድሞ የሚሠራውን ሳይንስ ማስተዋል ነው። አረቄ የምታወጣ ሴት ድፍድፉን አሙቃ፣ እንፋሎቱን በመቃ አሳልፋ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ታጠራቅመዋለች። ትነትና ቅዝቀት፣ የሁለት ፈሳሾች የመፍሊያ ነጥብ ልዩነት ሁሉ በዚያ ጎጆ ውስጥ ይታያል። በደብተሩ ላይ የመስተዋቱን የማንጠሪያ ዕቃ ሥዕል ገልብጦ የሚያጠና ልጅ፣ ያው ነገር በጎረቤቱ ቤት በየሳምንቱ እንደሚሠራ የሚነግረው መምህር ያስፈልገዋል።

የእንዶድ ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው፣ ዕጽዋቱ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ለመግደል እንደሚያገለግል አገኙ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ግኝቱ የተጀመረው ውድ በሆነ መሣሪያ ሳይሆን በወንዝ ዳር በቆመ ዓይን ነው። የሳይንስ መምህራን ዐውደ ጥናት ከሁሉ አስቀድሞ ማሠልጠን ያለበት ይህንን ዓይን ነው።

5. ሰዓት መቁጠርና ማስመስከር

የተከታታይ ሙያ ማሻሻያው ማእቀፍ በአግባቡ ሲነበብ ብዙ ነቀፌታ የሚሰነዘርበት ሰነድ አይደለም። ፍላጎትን መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም የሚል ዑደት አለው፤ መምህራን እርስ በርሳቸው ክፍል ገብተው እንዲተያዩ፣ ነባሩ ለጀማሪው እንዲያግዝ ይጋብዛል። ጉድለቱ የመጣው በአፈጻጸሙ ከሁሉ ይልቅ የሚለካው በቀላሉ የሚቆጠረው ነገር በመሆኑ ነው። 60 ሰዓት ይቆጠራል፤ የማኅደረ ተግባሩ ገጽ ይቆጠራል፤ የምስክር ወረቀት ይቆጠራል። መምህሩ ሙከራ መሥራቱ፣ ተማሪው ጥያቄ መጠየቁ ግን አይቆጠርም። የሚቆጠር ነገር ሲበዛ የማይቆጠረው እየተረሳ ይሄዳል፤ ወፍራም ማኅደር ያለው መምህር ሁሉ ጎበዝ መምህር ተብሎ ይመዘገባል።

ይህ አካባቢ ግን ስለ ምስክርነት ሌላ ነገር ያውቃል። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ከጥንት ጀምሮ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን በሌላ አገር የተማረ ሰው ትምህርቱ ተፈጸመ የሚባለው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ሲያስመሰክር ነው። በዚያ የሚጠየቀው ስንት ዓመት ተቀምጠሃል፣ በስንት ጉባኤ ተገኝተሃል አይደለም። ዜማው በመምህሩ ፊት ይሰማል፤ ስሕተቱ ይታረማል፤ በልማዱም ተማሪው ድጓውን በእጁ ይጽፋል። በትምህርቱ ገፋ ያለውም ከሥሩ ያለውን እያስቀጸለ ይማራል፤ ማስተማሩ የመማሩ አንድ ክፍል ነው። ማስመስከር የሚለው ቃል ራሱ፣ ዕውቀት በሚያውቅ ሰው ፊት ተሠርቶ መታየት እንዳለበት ያስረዳል። የምስክር ወረቀት በአንጻሩ፣ ማንም ምንም ሳይመሰክር ሊሰጥ ይችላል።

በእርግጥ ንጽጽሩ ድንበር አለው። የድጓ ተማሪ የተቀበለውን ሳያዛባ ማድረስ ይጠበቅበታል፤ የሳይንስ መምህር ግን የተጻፈውን እንኳ በሙከራ መፈተን ግዴታው ነው። ስለዚህ ከቤተ ልሔም የሚወሰደው ይዘቱ ወይም የማስታወስ ሥልቱ አይደለም፤ ዕውቀት በሥራ እስኪታይ ድረስ አልተፈጸመም የሚለው የምዘና ሥርዓቱ ነው። የሥርዓቱ ባለቤት የሆነው አካባቢ፣ በዘመናዊው ትምህርት በኩል ሲመጣ በመገኘት ብቻ የሚሰጥ ወረቀት መቀበሉ የሚያሳዝን ነው።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በአገር ደረጃ ይታያል። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄዱት አገር አቀፍ የትምህርት ምዘናዎች የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብና በሳይንስ ያገኙት አማካይ ውጤት ከ50 ከመቶ በታች ሆኖ ቆይቷል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ነበሩ። ይህንን ሁሉ በዐውደ ጥናት ድክመት ላይ ብቻ ማላከክ ፍትሐዊ አይሆንም። የመምህሩ ኑሮ፣ የክፍሉ መጨናነቅ፣ የመጽሐፍ እጥረትና የማስተማሪያው ቋንቋ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ይህን ያህል ዓመት ሥልጠና ሲሰጥ ኖሮ ውጤቱ እንዲህ ሲሆን፣ ሥልጠናው ከመጠየቅ ነጻ ሊሆን አይችልም።

6. ምን ቢደረግ ይበጃል?

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ፣ እንዲሁም ለሚመስሏቸው አካባቢዎች የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰቡ ይገባል።

1ኛ፤ ዐውደ ጥናቱ ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ በትምህርት ቤት ውስጥ መካሄድ ይኖርበታል። ሠልጣኙ የሚሠራው ሙከራ በማግሥቱ በክፍሉ የሚሠራው ሙከራ መሆን አለበት። በአንድ ጊዜ ሃያ ርእስ ከማሳየት ሦስት ሙከራን እስከ መጨረሻው መሥራት ይበልጣል።

2ኛ፤ ሥልጠናው በአንድ ሳምንት ተጀምሮ በዚያው ሳምንት ማለቅ የለበትም። መምህሩ ሁለት ቀን ሠልጥኖ፣ አንድ ወር ክፍሉ ውስጥ ሞክሮ፣ ያልሠራለትን ነገር ይዞ ቢመለስ፣ የሁለተኛው ዙር ውይይት ከመጀመሪያው እጅግ የላቀ ይሆናል። ያልተሳካ ሙከራ ከተሳካው ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

3ኛ፤ በትምህርት ቤቶች ጉድኝት ማእከል በአንድ ሣጥን የሚያዙ ጥቂት መሣሪያዎች፣ ማለትም ቴርሞሜትሮች፣ ሚዛን፣ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ባትሪና አምፖል ተዘጋጅተው በየትምህርት ቤቱ በተራ እንዲዘዋወሩ ማድረግ ይቻላል። ለሁሉም ትምህርት ቤት ሙሉ ቤተ ሙከራ እስኪሠራ መጠበቅ ለማንም ምንም አለመስጠት ነው።

4ኛ፤ የመምህሩ የሥልጠና ምስክርነት የሚሰጠው ተገኝቷል ተብሎ ሳይሆን፣ በክፍሉ ውስጥ ባልደረቦቹና የጉድኝቱ ሱፐርቫይዘር ባሉበት አንድ ሙከራ ሠርቶ፣ ተማሪዎቹም ያዩትን በራሳቸው ቃል ሲናገሩ ተሰምቶ መሆን አለበት። ይህም ማስመስከር የሚለውን ቃል ወደ ጥንተ ትርጉሙ ይመልሰዋል።

5ኛ፤ አጠቃላይ ሳይንስን እንዲያስተምሩ የተመደቡ መምህራን እርስ በርሳቸው እንዲሠለጣጠኑ ጊዜ ሊመደብላቸው ይገባል። የባዮሎጂው መምህር ለፊዚክሱ፣ የፊዚክሱም ለባዮሎጂው መምህር ቢሆን፣ ከሩቅ ከሚመጣ አሠልጣኝ የማያንስ ጥቅም በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይገኛል።

6ኛ፤ ዕውቀቱ ወደ ላይም እንዲፈስ መንገድ መከፈት አለበት። የነፋስ መውጫ መምህራን የፍል ውኃውን፣ የወገዳ መምህራን የጥላውን ልኬት መዝግበው ቢልኩ፣ የመጽሐፍ አዘጋጆች የሚቀጥለውን እትም ለደጋው ልጅ የሚስማማ አድርገው ሊያርሙት ይችላሉ። በቅርብ የሚገኘው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ለዚህ ሥራ ድልድይ ለመሆን የሚያስችል ቦታ አለው።

እነዚህ ነጥቦች ሰላምና የተከፈተ ትምህርት ቤት እንደሚሹ የታወቀ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። ይህ ግን ጉዳዩን ለሌላ ቀን ለማስተላለፍ ምክንያት አይሆንም። ዩኔስኮ ያሳተመው የታወቀው የሳይንስ መምህራን የሙከራ መጽሐፍ ሥሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወደሙ አገሮች መምህራን የተዘጋጀች አነስተኛ የምክር መጽሐፍ ነበረች። ቤተ ሙከራቸው ለፈረሰባቸው መምህራን በቆርቆሮ፣ በጠርሙስና በሻማ እንዴት እንደሚያስተምሩ ለማሳየት የተጀመረው ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሰፍቶ ታትሞ ከዚያም ለብዙ አገር ትምህርት ቤት መመሪያ ሆነ። ከጉዳት በኋላ እንደገና የሚከፈት ትምህርት ቤት የቀድሞውን ጉድለት ይዞ መከፈት እንደሌለበት ይህ በቂ ምሳሌ ነው።

7. ማጠቃለያ

የሳይንስ መምህራን ዐውደ ጥናት ይብዛ ወይስ ይነስ የሚለው ክርክር ዋናው ጥያቄ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ዐውደ ጥናቱ ለማን እንደሚመሰክር ነው። እስካሁን በአብዛኛው የመሰከረው ለአዘጋጆቹ ነበር፤ በጀቱ መዋሉን፣ ዕቅዱ መከናወኑን፣ ተሳታፊዎች መገኘታቸውን አረጋግጧል። መመስከር የሚገባው ግን ለልጁ ነው። ልጁ ቴርሞሜትሩ 90 ሲያሳይ 90 ብሎ ለመጻፍ የሚደፍር፣ ለምን 100 አልሆነም ብሎም የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሥልጠናው ወገዳ ደርሷል ማለት ነው። 90 እያየ 100 ብሎ የሚጽፍ ከሆነ ግን፣ ስንት የምስክር ወረቀት ቢታደል ሥልጠናው ገና ከመነሻው አልተንቀሳቀሰም።